ኒሳን 14፦ በመሲሑ ያመኑ አይሁድ ፋሲካን ከማን ጋር አከበሩ?

ኢየሱስ መሲሕ ነው ብለው ያመኑ አይሁድ በዘመናችን ፋሲካን ሲያከብሩ ሐጋዳ የተባለውን የማዕድ መጽሐፍ ይዘው ይቀመጣሉ። በገበታው ላይ ሦስት ያልቦካ ቂጣ ይደረደራል፤ መካከለኛው ተቈርሶ ግማሹ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይደበቃል፤ ከእራት በኋላ ልጆች ፈልገው ያመጡታል። እስከዚህ ድረስ ያለው በብዙ አይሁዳዊ ቤት የሚደረግ ነው። መሲሐውያኑ የሚጨምሩት ትርጓሜውን ነው፤ ሦስቱ ቂጣ ሥላሴ፣ የተቈረሰው ወልድ፣ ነጩ ጨርቅ መግነዝ፣ ከተደበቀበት መውጣቱ ትንሣኤ ነው ይላሉ። አንዳንዶቹም ከዚህ አልፈው፣ ይህ የሐዋርያት ፋሲካ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ከአይሁድ ስትለይ የጣለችውን እኛ መልሰን አነሣነው ብለው ያስተምራሉ። አባባሉ እኩሌታው ልክ ነው። የጠፋ ነገር አለ፤ የጠፋውም ሆን ተብሎ ነው። የጠፋው ግን የገበታው ሥርዓት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አማኞች ይዘውት የነበረው፣ በኋላም የተነጠቁት ቀኑ ነው፤ ቀኑን ከአይሁድ ሕዝብ ጋር አብሮ የመቍጠር ልማድ ነው። ለእነርሱ የበዓሉ ትርጉም ቂጣው ምን ያመለክታል በሚለው ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር ይበላል በሚለውም ላይ የቆመ ነበር።

ከመጀመሪያው መቶ ዘመን የተረፈን ማስረጃ ጥቂት ነው፤ ግን ግልጽ ነው። (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጳውሎስ በ50ዎቹ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ መሲሑን የታረደ የፋሲካ በግ ይለዋል፤ አሮጌውን እርሾ አስወግደው በዓሉን እንዲያከብሩም ይነግራቸዋል። የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊ የጉዞ ቀን ሲቈጥር ከፊልጵስዩስ የተነሣነው ከቂጣው በዓል በኋላ ነው ይላል፤ አንባቢው ያንን ቀን ያውቀዋል ብሎ ስለሚያስብ ማብራሪያ አይጨምርም። ከአራቱ ወንጌሎች ሦስቱ የመጨረሻውን እራት የፋሲካ እራት ያደርጉታል፤ ዮሐንስ ግን ኢየሱስ የሞተው በጎቹ በሚታረዱበት ዕለት፣ በአይሁድ ወር በኒሳን 14 ነው ይላል። ሊቃውንት ይህን ልዩነት ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል። እዚህ የሚያስፈልገን ግን አራቱም የሚስማሙበት ነጥብ ነው፤ የመሲሑ ሞት ከአይሁድ የፋሲካ ቀን ጋር የታሰረ ነው። ስለ ሞቱ መታሰቢያ የሚጠይቅ ሰው ቀኑን ለማወቅ አይሁድ መቼ ያከብራሉ ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

በትንሿ እስያ የነበሩ ምእመናን ያደረጉት ይህንኑ ነው። በኒሳን 14 ማታ፣ ዕለቱ እሑድም ይሁን ማክሰኞ፣ ፋሲካቸውን ያከብሩ ነበር። ሮም ደግሞ በዓሉን በእሑድ ብቻ ታከብር ነበር። በ155 ገደማ የሰምርኔሱ ኤጲስ ቆጶስ ፖሊካርፖስ ወደ ሮም ሄዶ ከከተማይቱ ኤጲስ ቆጶስ ከአኒቄጦስ ጋር በዚህ ጉዳይ ተነጋገረ። አንዱ ሌላውን ማሳመን አልቻለም፤ ፖሊካርፖስ ከጌታ ደቀ መዝሙር ከዮሐንስ ጋር ያከበርሁትን አልተውም አለ፣ አኒቄጦስም ከእርሱ በፊት የነበሩትን ልማድ አልለቀቀም። ሆኖም አብረው ቈረቡ፤ አኒቄጦስም ለክብሩ ቅዳሴውን ለእንግዳው ለቀቀለት፤ በሰላምም ተለያዩ። ይህን የሚነግረን የሊዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ሄሬኔዎስ ነው፤ የሚነግረን ግን ሰላሙ ከፈረሰ በኋላ ነው። በ190 ገደማ የሮሙ ኤጲስ ቆጶስ ቪክቶር በትንሿ እስያ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ምክንያት ከአንድነት ሊለያቸው ተነሣ። የኤፌሶኑ ፖሊክራጥስ የመለሰለት ደብዳቤ በአውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ተርፏል። ሽማግሌው በኢያራፖሊስ የተቀበረውን ፊልጶስን፣ በኤፌሶን ያረፈውን ዮሐንስን፣ ፖሊካርፖስን፣ መሊጦንን እያነሣ ይመሰክራል፤ ከዘመዶቹ ሰባቱ ኤጲስ ቆጶሳት እንደነበሩና ስምንተኛው እርሱ እንደሆነ ይናገራል። ቀጥሎ የሚለው ግን ለእኔ ከስሞቹ ዝርዝር ሁሉ ይበልጣል፤ ዘመዶቹ ቀኑን ያከብሩት የነበረው ሕዝቡ እርሾውን ከቤቱ በሚያወጣበት ዕለት ነው። ሕዝቡ ያለው አይሁድን ነው። የኤጲስ ቆጶሱ ቤተሰብ የቀን መቍጠሪያ የአይሁድ ጎረቤት ቤት ነበር ማለት ነው።

ስለዚያ ዘመን የፋሲካ ሌሊት ከሚነግሩን ጽሑፎች አንዱ ደግሞ ሙሉ ሆኖ የደረሰን በግዕዝ ብቻ ነው። የሐዋርያት መልእክት በመባል የሚታወቀው የሁለተኛው መቶ ዘመን ድርሰት በግሪክ ተጽፎ ግሪኩ ጠፍቷል፤ ከቅብጡም ያለው ጐደሎ ነው፤ የግዕዙ ቅጂ በ1913 በፓሪስ እስኪታተም ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ሙሉ ይዘቱ የሚያውቁት አልነበረም። በዚህ ድርሰት ውስጥ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱን የሞቱን መታሰቢያ፣ ፋሲካን፣ እንዲያደርጉ ያዛቸዋል። ከእነርሱ አንዱ በበዓሉ ስለ ስሙ እንደሚታሰር፣ መልአክ እንደሚያወጣው፣ መጥቶም ከእነርሱ ጋር ዶሮ እስኪጮኽ በትጋት እንደሚያድር ይነግራቸዋል። አነጋገሩ የሚያመለክተው በዓሉ የታወቀና የተለመደ መሆኑን ነው። ስለ ሦስት ቂጣ፣ በዛሬው ማዕድ ስለሚጠጣው አራት ጽዋ፣ ስለ ተደበቀ ቍራሽ ግን አንዳች አይገኝበትም፤ ያለው ትጋት፣ መታሰቢያና የጋራ ማዕድ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ቀኑን ከአይሁድ ጋር መቍጠር ከአይሁድ ጋር መዛመድ ነው ካልን፣ የሰርዴሱን መሊጦንን ምን እናደርገዋለን? ፖሊክራጥስ በስም የጠራው፣ ኒሳን 14ን የጠበቀው ይህ ሰው በ160ዎቹ ገደማ ስለ ፋሲካ የደረሰው ስብከት በ20ኛው መቶ ዘመን ከፓፒረስ ተገኝቶ በ1940 ታትሟል። ስብከቱ እስራኤልን አምላክን ገደልህ ብሎ በቀጥታ የሚከስ፣ ከዚህ ዓይነት ክሶች መካከል ከቀደሙት የሚቈጠር ነው። ቀን መጋራት ብቻውን ፍቅርን አያመጣም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን የመሊጦን ቍጣ ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል። በሰርዴስ ሥር የሰደደ የአይሁድ ማኅበር ነበር፤ በዚያው ማታ በአንዱ ቤት ስለ ግብፅ መውጣት ይነበባል፣ በሌላው ቤትም ያው የኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ ስለ መሲሑ ሞት ይነበባል። መሊጦን የሚጮኸው የራሱን መጽሐፍ፣ የራሱን ሌሊት ከሚሻሙት ሰዎች ጋር ስለሚከራከር ነው። ክፉ ጠብ ነው፤ የቅርብ ሰዎች ጠብ ነው። በኋላ የመጣው መለያየት ከዚህ የተለየ ነው፤ የአይሁድ ፋሲካ መቼ እንደሆነ ማወቅ የማያስፈልገው ክርስቲያን ፈጠረ።

ለውጡን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የአንድ መጽሐፍ ሁለት መልክ ነው። በሦስተኛው መቶ ዘመን በሶርያ የተጻፈው ዲድስቅልያ ምእመናን ፋሲካን የአይሁድ ወንድሞቻቸው በሚያከብሩበት ጊዜ እንዲጠብቁ፣ ስለ እነርሱም እንዲጾሙ ያዛል። የቆጵሮሱ ኤጲስ ቆጶስ ኤጲፋንዮስ በአራተኛው መቶ ዘመን አይቶት የጠቀሰው ቅጂ ደግሞ፣ እነርሱ በቈጠራው ቢሳሳቱ እንኳ እናንተ አትጨነቁ እስከማለት ይደርሳል። በ380 ገደማ ያው መጽሐፍ የሐዋርያት ሥርዓት በሚል ስም ተስፋፍቶ ሲጻፍ ትእዛዙ ተገለበጠ፤ ከአይሁድ ጋር ለማክበር አትጠንቀቁ፣ ከእነርሱ ጋር ኅብረት የለንምና የሚል ሆነ። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል የ325ቱ የኒቅያ ጉባኤ አለ። እዚያ የተከራከሩት ኒሳን 14ን በማናቸውም ዕለት ቢውል የሚያከብሩት የትንሿ እስያ ሰዎች ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ ዋናው ጥያቄ ሶርያ፣ ኪልቅያና መስጴጦምያ እሑዱን የሚመርጡት የአይሁድን ፋሲካ ጠብቀው መሆኑ ነበር። ጉባኤው በእስክንድርያና በሮም ልማድ ጸና።

የኒቅያ ወገን የሚያቀርበው መልስ ቀላል አይደለም። የአይሁድ ማኅበራት በየከተማው ቀኑን ለየብቻ ይወስኑ ነበር፤ አንዳንዶቹ ፋሲካን ሌሊትና ቀን እኩል ከሚሆኑበት ዕለት በፊት ያደርጉት ስለነበር በአንድ የፀሐይ ዓመት ሁለት ፋሲካ የሚውልበት ጊዜ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አንድ ቀን መፈለጓ፣ ለዚያም የእስክንድርያን የሰለጠነ ቈጠራ መምረጧ ምክንያታዊ ነው፤ እስክንድርያ በዚህ ሙያ የላቀች ነበረች። የእኛው ባሕረ ሐሳብ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ በቈጠራውም ውስጥ የአይሁድ ፋሲካ እስካሁን አልጠፋም፤ በአበቅቴና በመጥቅዕ መጀመሪያ የሚወጣው ፍሥሕ ነው፣ ትንሣኤ የሚውለው ከእርሱ በሚቀጥለው እሑድ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ብቻውን አልወቅሰውም። ነገር ግን ቈስጠንጢኖስ ከጉባኤው በኋላ ለአብያተ ክርስቲያናት የላከው ደብዳቤ አለ። ንጉሡ የሁለት ፋሲካን ስሕተት ያነሣል፤ ከዚያ በፊት ግን፣ በረዘመ ቃልም፣ የሚያነሣው የአይሁድን ልማድ መከተል ነውር መሆኑን፣ ከዚያ ሕዝብ ጋር ምንም የጋራ ነገር ሊኖረን እንደማይገባ ነው። ምክንያቱ ስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሌቱን ማስረዳት ይበቃ ነበር።

ሕዝቡ ግን ቶሎ አልታዘዘም። ይህን የምናውቀው ከክልከላው ብዛት ነው። በ341 ገደማ የአንጾኪያ ጉባኤ የመጀመሪያው ቀኖና ከአይሁድ ጋር ፋሲካን የሚያደርግ ኤጲስ ቆጶስ ወይም ቄስ እንዲሻር ያዛል። ከዚያ በኋላ የሎዶቅያ ጉባኤ ከአይሁድ ያልቦካ ቂጣ መቀበልን ከለከለ። ይህን ቀኖና ቆም ብሎ ማንበብ ይገባል። የሚከለክለው አንድ አይሁዳዊ ጎረቤት በበዓሉ ቂጣ ሲሰጥ፣ ክርስቲያኑ ደግሞ ሲቀበል ስላየ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ በ386ና በ387 በአንጾኪያ የሰበካቸው ስብከቶች ወደ ምኵራብ የሚሄዱትንና የቀደመውን የፋሲካ ጾም የሚጠብቁትን የራሱን ምእመናን የሚገሥጹ ናቸው። ቃሉ እጅግ የከረረ ነው፤ በኋለኛው ዘመን አይሁድን የሚጠሉ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ጠቅሰውታል። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ሳይፈልግ ምስክር ሆኗል፤ ከኒቅያ 60 ዓመት በኋላም በታላቋ ከተማ ተራው ሰው በዓሉን ከጎረቤቱ ጋር ይጠብቅ ነበር።

በዚህ መካከል የተጨነቁት ራሳቸው አይሁድ ሆነው በመሲሑ ያመኑት ናቸው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሁለተኛው መቶ ዘመን፣ ሕጉን የሚጠብቅ አማኝ ሌላውን ካላስገደደ ይድናል ብሎ ነበር፤ ይህን የማይቀበሉ ወገኖች መኖራቸውንም አልሸሸገም። በ404 ገደማ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ሄሮኒሞስ ለአውግስጢኖስ ሲጽፍ፣ ናዝራውያን የሚባሉት አይሁድም ክርስቲያንም ለመሆን ሲሹ ሁለቱንም ሳይሆኑ ቀርተዋል ብሎ ደመደመ። በምኵራብ በኩልም በመናፍቃን ላይ የሚደገመው የርግማን ጸሎት በሩን አጠበበባቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ያመነ አይሁዳዊ የሕዝቡን ፋሲካ ትቶ የቤተ ክርስቲያንን ትንሣኤ መያዝ ግዴታው ሆነ። የተለያዩት ሁለት በዓላት መቀራረባቸውም መዘዝ አመጣ፤ በ1144 በእንግሊዝ ኖርዊች ከተማ የጀመረው፣ አይሁድ ክርስቲያን ልጅ ይገድላሉ የሚለው ክስ በየአገሩ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በፋሲካ ሰሞን ነበር።

ቀኑን ከሕዝቡ ጋር የመጠበቁን ልማድ በዘመናችን እንደገና ያነሣው ዮሴፍ ራቢኖቪች የተባለ የቤሳራቢያ አይሁዳዊ ነው። በ1882 ከሩስያ የአይሁድ ጭፍጨፋ በኋላ ለሕዝቡ መፍትሔ ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ በደብረ ዘይት ተራራ ላይ የሕዝቡ መዳኛ በወንድማችን በኢየሱስ እጅ ነው ወደሚል እምነት ደረሰና ወደ ከተማው ወደ ኪሺኔቭ ተመለሰ። በ1885 በበርሊን ቢጠመቅም ከነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱም አልገባም፤ በኪሺኔቭ ጉባኤውን የአዲስ ኪዳን እስራኤላውያን አለው። ግዝረት፣ ሰንበትና ፋሲካ የሕዝቡ ናቸው፣ አንተዋቸውም አለ፤ ለፋሲካ ማታም መሲሑን የሚያስታውስ ሐጋዳ አዘጋጀ። የሐጋዳው ቃል አዲስ ነበር፤ ቀኑ ግን የጎረቤቱ ቀን ነው። ራቢኖቪች በ1899 ሞተ፣ ጉባኤውም ተበተነ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ አፕሪል 19 ቀን 1903፣ የኦርቶዶክስ ትንሣኤና የአይሁድ ፋሲካ የመጨረሻ ዕለት በአንድ እሑድ ዋሉ፤ በዚያው ዕለት በዚያችው ከተማ ጭፍጨፋ ተጀምሮ 49 አይሁድ ተገደሉ። ከዚያ በፊት የአካባቢው ጋዜጣ የልጅ ግድያ ክስ ሲነዛ ሰንብቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፤ በአሜሪካ በ1915 የተመሠረተው የዕብራውያን ክርስቲያኖች ኅብረት በ1975 ስሙን ወደ መሲሐውያን አይሁድ ኅብረት ሲለውጥ፣ የፋሲካ ማታ የጉባኤዎቹ ዋና መለያ ሆነ። እዚህ ላይ ነው የገበታው ትርጓሜ ከልኩ ያለፈው። የማዕዱን ሥርዓት በጽሑፍ የምናገኘው በ200 ገደማ በተሰበሰበው የረቢዎች የሕግ መጽሐፍ በሚሽና ነው፤ እርሱም ቤተ መቅደሱ በ70 ከፈረሰ በኋላ፣ በግ ማረድ ሲቀር፣ ሊቃውንቱ ለበዓሉ ያበጁለትን መልክ ያሳያል። የሦስቱ ቂጣ አደራደርና የቍራሹ መደበቅ ከሚሽናም በኋላ የመጡ ናቸው። በቂጣው ላይ ያሉት ተርታ ቀዳዳዎች የመሲሑ ቍስል ናቸው የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ቂጣ የሚበሳው እንዳያብጥ ነው፣ ያ እኩል የተሰለፈ መስመር ደግሞ የመጣው በ1838 በአልሳስ ከተሠራው የቂጣ መኪና ወዲህ ነው። ይህ ማለት ትርጓሜው ኃጢአት ነው ማለት አይደለም፤ በአገራችን የአንድምታ ሊቃውንትም ከተሰጣቸው ነገር ምሥጢር ያወጣሉ። ግን ምሥጢር ማውጣት ሌላ፣ ሐዋርያት ያደረጉት ይህ ነው ማለት ሌላ ነው።

ብዙ አይሁድ ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ወቀሳ አላቸው፤ ረቢዎቻችን ከቤተ መቅደሱ ፍርስራሽ ያተረፉትን ገበታ ወስዳችሁ በእኛው ላይ ትሰብኩበታላችሁ ይላሉ። በሕግም በኩል የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1989 መሲሐውያን አይሁድ፣ ለአይሁድ ዜግነት በሚሰጠው የመመለስ ሕግ እንደ አይሁድ አይቈጠሩም ብሎ ፈርዷል። ወቀሳው በአንድ በኩል ልክ ነው። ከአይሁድ ጋር ዝምድናም ጉርብትናም የሌለው ጉባኤ፣ በተመቸው ሳምንት፣ አንዳንዴም በጸሎተ ሐሙስ፣ ሐጋዳ ገልጦ ቢቀመጥ የጥንቱን ፋሲካ አላገኘም፤ የጥንቱ ልማድ ዋና ነገር ቀኑን ከሌላው መቀበል ነበርና። በእናቱና በአባቱ ገበታ ዙሪያ፣ በሕዝቡ ቀን የሚቀመጥ አይሁዳዊ አማኝ ግን ሌላ ነው፤ የፖሊክራጥስን ዘመዶች የሚመስለው እርሱ ነው፣ የሐጋዳው ትርጓሜ ቢሳሳትም እንኳ።

ይህን ክርክር ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ሳይጠየቁ የቀሩት የእኛው ሰዎች ናቸው። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ሚሽናንም ሐጋዳንም ሳያውቁ ፋሲካን ጠብቀው ኖረዋል፤ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ቄሶቻቸው በኒሳን 14 በግ ያርዱ፣ የግዕዙን ኦሪት ያነቡ ነበር፤ ሕዝቡም ሰባት ቀን ቂጣ ይበላ ነበር። በ1860 ራሱ አይሁዳዊ ሆኖ የተወለደው ሄንሪ ስተርን ለስብከት ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ ያመኑት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ነበር የተፈቀደለት፤ የተጠመቀውም ፋሲካውን በዚያው ወደ ባሕረ ሐሳብ አዛወረ። የኒቅያ ጥያቄ ከ1500 ዓመት በኋላ በጎንደር መንደሮች እንደገና ተፈጸመ ማለት ነው። ዛሬ በእስራኤል ያሉ አማርኛ ተናጋሪ መሲሐውያን ጉባኤዎች ወደ አይሁድ ቀን ቢመለሱም፣ ለልጆቻቸው ጥንታዊ ፋሲካ ብለው የሚያሳዩት ብዙውን ጊዜ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣውን የሦስት ቂጣ ገበታ ነው። ከመንደሩ መሠዊያ አጠገብ ቆመው በጉ ሲታረድ ያዩ ሽማግሌዎች ግን አሁንም በመካከላቸው አሉ። እነዚህን ሰዎች ጠይቁ፤ የሚናገሩትንም በሕይወት ሳሉ ጻፉት።